ጓሮና ጉርብትና
ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች አጭር የታሪክ ማስታወሻ

ታሪክ ሲባል ወደ አብዛኞቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚመጣው ቤተ መንግሥት ነው። ቤተ መንግሥት ካልሆነ ጦር ሜዳ፣ ጦር ሜዳ ካልሆነ ጉባኤ። እኛ የታሪክ ተማሪዎችም ብንሆን ከዚህ አልዳንም። የዓድዋን ቀን፣ የማይጨውን ቀን፣ የአዋጆቹን ቁጥር በቃላችን እንወጣዋለን። ነገር ግን አንድ ሰው ተነሥቶ «ለመሆኑ አያትህ ጋኗን በምን ታጥብ ነበር? ውሃውስ ከየት ይቀዳ ነበር? የምትኖርበት ቤት ኪራይ ለማን ይከፈል ነበር?» ብሎ ቢጠይቀን አፋችንን ይዘን እንቀራለን። እኔም ይዤ ቀርቼ ነበር። ጥያቄው የመጣብኝ ደግሞ ከመምህር ሳይሆን ከራሷ ከአያቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. አያቴ ወደ ስድሳ ዓመት ገደማ የኖረችበት ቤት ሊፈርስ ነው ተባለና ዕቃ ለማውጣት ቤተሰቡ ሁሉ ተሰበሰበ። እኛ ቁም ሣጥኑን፣ አልጋውን፣ ቴሌቪዥኑን ለማሰር ስንራወጥ እሷ ግን ጓሮ ቁጢጥ ብላ በቢላዋ አፈር ትምሳለች። ጠጋ ብዬ ባይ ከትልቁ ጌሾ ሥር የበቀለውን ችግኝ፣ ዳማከሴዋንና ጤና አዳሟን ከነአፈራቸው እያነሣች በአሮጌ የቀለም ጣሳና በተሰነጠቀ ባልዲ ትከታለች። «እማማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ጌሾ የት ሊተከል ነው?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እሱንማ ተምረናል የምትሉት እናንተ ንገሩኝ እንጂ!» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተወለደ ነው።

ስለ አሮጌ ሰፈር ፍቅር ብዙ ይወራል። «ድሮ ጎረቤት ዘመድ ነበር፤ ዛሬ ሰው ከፋ» ይባላል። ይህ አባባል ለእኔ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስንፍና ይመስለኛል። ሰው በአንድ ጀምበር አይከፋም። ጉርብትና ከልብ ደግነት ብቻ የሚበቅል ነገር ቢሆን ኖሮ ሰው ቤት ሲቀይር አብሮት በሄደ ነበር። እኔ የምለው ይህን ነው፦ የአዲስ አበባን ጉርብትና የሠራው የግቢው አሠራርና በግቢው ውስጥ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነው። ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ታሪክ ያለው ነገር ሊመረመርና ሊመዘገብ ይችላል፤ ቢያስፈልግም በሌላ መልክ እንደ ገና ሊሠራ ይችላል።

* * *

እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር። «ሰፈር» የሚለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን የጦር ሠራዊት ማረፊያ ማለትም ነበር። ንጉሡ ድንኳኑን ሲተክል መኳንንቱ እንደየማዕረጋቸው በቀኝ፣ በግራ፣ በፊትና በኋላ ይሰፍራሉ። በእያንዳንዱ መኰንን ዙሪያ ደግሞ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ እንጨት ፈላጩ ይሰፍራል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ፣ ፍል ውሃ አጠገብ አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ ከተማይቱ የተዘረጋችው በዚሁ በጦር ሰፈር ሥርዓት ነው።

ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ የሚባል፣ የኦሮሞ ገበሬዎች የሚያርሱትና ከብት የሚያሰማሩበት አገር ነበር። ጉለሌን የመሰለው የሰፈር ስም እስከ ዛሬ ይህንኑ ይመሰክራል። ስለ ጓሮ የሚጽፍ ሰው ከጓሮው በፊት እርሻ፣ ከአጥሩ በፊት ግጦሽ እንደ ነበረ መርሳት የለበትም።

የሰፈሮቻችንን ስም ልብ ብሎ ላየ ሰው የታሪኩ ግማሽ እዚያው ተጽፏል። ራስ መኮንን፣ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ደጃች ውቤ ብንል የጌቶች ስም ነው። ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር፣ ጠመንጃ ያዥ ብንል የሥራ ስም ነው። ጎፋ ሰፈር፣ አደሬ ሰፈር ብንል ሰዎቹ የመጡበት አገር ወይም ሕዝብ ስም ነው። ካዛንቺስ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም የቀረ ነው። ጌታውም፣ አንጥረኛውም፣ ወታደሩም፣ ወራሪውም ስሙን ትቶ ሄዷል። ስሙን ያልተወው ጓሮውን የቆፈረው ሰው ብቻ ነው።

በዚህ አሰፋፈር ምክንያት አዲስ አበባ የሀብታም ሰፈር ወዲያ፣ የድሃ ሰፈር ወዲህ ተብላ አልተከፈለችም። ትልቁ ቤት ከኮረብታው ላይ፣ ትንንሾቹ ከተዳፋቱ ላይ ሆነው ተቃቅፈው ቆሙ። ይህ የእኩልነት ምልክት ነበር ብዬ ግን ልዋሽ አልፈልግም። የተቀራረቡት አገልጋይ ከጌታው መራቅ ስለሌለበት ነው። ጎጆው የድሃው ቢሆንም መሬቱ የጌታው ነው፤ «ተነሣ» የተባለ ቀን ይነሣል። ይሁንና የታሪክ መንገድ ጠማማ ነውና ለአገልጋይነት የተቀራረቡት ቤቶች ኋላ ለጉርብትና ተመቹ።

ከተማይቱ ደግሞ በልጅነቷ ልትቀር ምንም አልቀራትም ነበር። ጠላቷ የማገዶ እጦት ነበር። የእንጦጦና የአካባቢው ደን ለቤትና ለምድጃ እየተቆረጠ ሲመናመን ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያም ግንባታ አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ተቆርጦም እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ መሆኑን ይናገራል፤ ነገር ግን ከእሱ የበለጠ የአዲስ አበባ ተወላጅ የሆነ ዛፍ ማን አለ? ምሰሶው እሱ፣ ማገሩ እሱ፣ አጥሩ እሱ። ቅጠሉና ጭራሮው እንጀራ ይጋግራል። ጉንፋን የያዘውም ሰው ቅጠሉን አፍልቶ ይታጠናል። ከእንጦጦ ቁልቁል የጭራሮ ሸክም አጉብጧት የምትወርደው ሴት ባትኖር ኖሮ ይህች ከተማ ስንቱን ቀን ጾሟን ባደረች!

ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። እንጨቱ ይቆማል፣ ማገሩ ይመታል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ይመረጋል። ምርጊት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ያቦካል፣ አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ይመርጋል፤ ባለቤቲቱ ጠላና ቆሎ ታቀርባለች። ስለዚህ ቤቱ ገና ሳያልቅ ጎረቤቱ ግድግዳው ላይ የእጁን አሻራ ትቷል ማለት ነው። ጣራው መጀመሪያ ሣር ነበር፤ የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቆርቆሮው እየበዛ ሄደ።

* * *

አያቴ ከቡልጋ ተነሥታ አዲስ አበባ የገባችው በ1950ዎቹ ነው። የተከራየችው ክፍል በአንዲት ወይዘሮ ግቢ ውስጥ ነበር። ትልቁ ቤት የባለቤቲቱ ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ ግድግዳ እየተጋሩ የተቀጠሉ ሰባት ክፍሎች ይከራያሉ። ማድ ቤቱ አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ። ውሃ መጀመሪያ ከቦኖ በእንስራ ይቀዳ ነበር፤ በኋላ ግቢው ውስጥ አንድ ቧንቧ ገባ።

እስቲ አስቡት፤ አንድ ቧንቧ ለስምንት ቤት! ይህ ችግር ነው። ሆኖም ችግሩ ሥርዓት ወለደ። ማን ማለዳ ይቀዳል? ልብስ የሚታጠበው በየትኛው ቀን ነው? ሒሳቡ የሚካፈለው በቤት ቁጥር ነው ወይስ በራስ ቁጥር? እንግዳ የመጣበት ቤት ይጨምራል ወይ? ይህ ሁሉ ያለ ጸሐፊና ያለ ቃለ ጉባኤ በየወሩ ይወሰን ነበር። ጠብም ነበር፤ ለዚያውም ባልዲ ለባልዲ መማታት ያለበት ጠብ። ግን ተጣልተው የትም አይሄዱም፤ ነገ ማለዳ እዚያው ቧንቧ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ሽማግሌው ሩቅ አይፈለግም። እዚያው ከግቢው አንዱ ሽማግሌ ይሆናል፤ ሳምንት ደግሞ እሱ ራሱ ተጣልቶ ይታረቃል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ጓሮው ነው። ከቤቶቹ ጀርባ እስከ ወንዙ አፋፍ የሚደርስ፣ በጽድና በባሕር ዛፍ እንጨት የታጠረ ጠባብ መሬት ነበር። በልጅነቴ ለእኔ ዱር ነበር፤ አሁን ሳስበው የተደራጀ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ተክል ባለቤት አለው፤ የሁሉም ተክል ፍሬ ግን የግቢው ነው።

ጌሾው የአያቴ ነው። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ነውና የጥምቀትና የፋሲካ ሰሞን ደጃችን ሰው አይጠፋም። አጠገቡ ግራዋ አለ። ጠላ የሚጠመቅበት ጋን የሚታጠበው በግራዋ ቅጠል ነው፤ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ዳማከሴው ለምች ነው፤ ቅጠሉ ታሽቶ ጭማቂው ይቀባል፣ በቡናም ይጠጣል። ጤና አዳም ከቡናው ስኒ፣ ፍሬው ከበርበሬው አይለይም። ኮሰረትና በሶብላ ቅቤ ሲነጠር ወይም በርበሬ ሲደለዝ ይፈለጋሉ። አበሻ ጎመን መቼም የድሃ ጓሮ ጌጥ ነው፤ ወር አልደርስ ሲል ቤቱን የሚያኖረው እሱ ነው። ከጥጉ አንዲት የኮክ ዛፍ ነበረች፤ እሷ ግን የማንም አልነበረችም፤ የልጆች ነበረች።

የጉራጌው ጎረቤታችን ደግሞ ከአገሩ አምጥቶ የተከላት እንሰት ነበረችው። በዓል በደረሰ ቁጥር ከቤት ቤት ልጅ ይላካል፦ «ጋሼ፣ እማዬ ኮባ ስጡን ብላለች!» ድፎ ዳቦ ያለ ኮባ አይሆንምና ኦርቶዶክሱም፣ እስላሙም፣ ጴንጤውም የእሱን እንሰት ቅጠል ይጠቀልል ነበር። እሱም በፋንታው ለመስቀል ክትፎው ሲሠራ ቅቤው የሚነጠረው በአያቴ ኮሰረት ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ ብሔረሰቦች አንድነት ስብሰባ ተቀምጠው አያውቁም፤ ኮባና ኮሰረት ሲለዋወጡ ግን ኖረዋል።

ይህን «የአሮጊት ነገር» ብሎ ለሚንቅ ጓደኛ አንድ ነገር ላስታውሰው። እንዶድ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያጥቡበት ተክል ነው። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ከዚያ ተነሥቶ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አረጋገጠ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1982 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። ትልቁ ነገር ሳይንቲስቱ ሴቶቹ የሚሠሩትን ቆም ብሎ ማየቱ ነው። እኛ ስንቱን ሳናይ አልፈናል?

የግቢው የእጅ ሥራም እንደ ጓሮው የጋራ ነበር። በርበሬ ከጥቅምት በኋላ ገበያ ሲገባ ሰሌኑ ይነጠፋል፤ አንዷ ቤት የገዛችውን ስምንቱም ቤት ቁጭ ብሎ ይቀነጥሳል። ሙቀጫና ዘነዘና ያለው ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሌላው ይዋሳል። ሽሮ ይከካል፣ ጤፍ ይነፋል፣ ጥጥ ይፈተላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተራ የደረሳት ቡና ታፈላለች፤ አንዱ ሕፃን በየደጁ «ቡና ጠጡ!» እያለ ይዞራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ የግቢው ጉዳይ ሁሉ ይነሣል፦ የታመመ፣ ሥራ የፈታ፣ ልጁ ትምህርት ቤት የቀረበት፣ ባሏ የሚማታባት። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ «ማኅበራዊ አገልግሎት» የምንለው ነገር በዚያ ረከቦት ዙሪያ ያለ ደመወዝ ይሠራ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ቡናውን የሚያፈላው ማነው? በርበሬውን የሚቀነጥሰው፣ ውሃውን የሚቀዳው፣ የታመመውን የሚያስታምመው ማነው? ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ማታ መጥተው «ደህና ዋላችሁ?» ሲሉ ጉርብትናው ተሠርቶ ይጠብቃቸዋል። አያቴ «እናትህን ሰባተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ያስቀረኋት ውሃ የሚቀዳልኝ አጥቼ ነው» ስትለኝ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። የድሮ ሰፈርን ፍቅር የምናወድስ ሁሉ የዚያ ፍቅር ዕዳ በማን ትከሻ ላይ እንደ ነበረ ሳንናገር ብናልፍ ግማሽ ታሪክ ጻፍን ማለት ነው።

ሞት ሲመጣ ዕድር አለ። ዕድር አዲስ አበባ ውስጥ በተለይ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እየተስፋፋ የሄደ ማኅበር ነው። ሌሊቱ ሳይነጋ ጡሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ ጡሩምባውን ከነፋ በኋላ የሟቹን ቤት ይናገራል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ የማኅበሩ ነው። ከሩቅ ያለ ዘመድ ደብዳቤው ሳይደርሰው ጎረቤት ቀብሮ፣ ሣልስቱን አብልቶ ይጨርሳል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው በጨዋታ አይደለም።

* * *

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። እኛ በክፍል ውስጥ ይህን አዋጅ የምናውቀው በአንቀጹ ነው፦ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም፤ ኪራዩ እስከ መቶ ብር የሆነው ቤት በቀበሌው ማኅበር ይተዳደራል፤ የኪራዩ መጠንም ይቀነሳል። አያቴ ግን የምታውቀው በግቢው ነው። ስምንት ብር የነበረው ኪራይዋ አራት ብር ሆነ፤ የምትከፍለውም ለቀበሌው እንጂ ለወይዘሮዋ መሆኑ ቀረ። «ትናንት ጌታና ሎሌ ሆነን አምሽተን፣ ጠዋት ስንነሣ ማንም የማንም አልነበረም» ትላለች።

ይህ ለብዙ ሺህ ድሃ ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ መካድ አይቻልም። ነገር ግን አዋጁ አጥር አላፈረሰም። ባለቤቲቱና ተከራዮቿ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ቧንቧ፣ በዚያው ማድ ቤት አብረው ቀሩ። ወይዘሮዋ በሯን ዘጋች። ሰላምታ ቆመ። ቧንቧው ላይ ስትመጣ ሌሎቹ ዞር ይላሉ፤ እነሱ ሲመጡ እሷ ትገባለች። የነሐሴ ዝናብ፣ የፍልሰታ ጾም፣ ዝምታ።

በቡሄ ዋዜማ የግቢው ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ ሊሉ ሲወጡ እናቶቻቸው «እዚያ በር እንዳትሄዱ» ብለው አስጠነቀቁ። ልጅ ግን አዋጅ አያውቅምና እንደ ወትሮው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ትልቁ ቤት ነው። ጥቂት ከጮሁ በኋላ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮዋ ሙልሙሉን ጋግራ አስቀምጣ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ቆጥራ። አያቴ ይህን ስትነግረኝ «ቆጥራ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ደገመችው። በማግስቱ አያቴ ቡና አፈላችና ወይዘሮዋን አስጠራቻት፤ መጣች። በመጨረሻ ስትሄድ «ጓሮሽ ባዶ ነው፣ ይህን ትከዪ» ብላ የጌሾ ችግኝ ሰጠቻት። አያቴ በ2017 ዓ.ም. በቢላዋ የማሰችው ከዚያ ጌሾ ሥር የበቀለውን ነው።

ከዚህ የምማረው ወይዘሮዋ ደግ ነበረች የሚለውን ብቻ አይደለም። ሁለቱንም የሚያገናኝ አንድ ግቢና አንድ በዓል ባይኖር ኖሮ ደግነቷ በየት በኩል ይወጣ ነበር?

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ደግሞ ግቢውን በሌላ እሳት ፈተነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲፋፋም ቤት የሰጠው ቀበሌ እስር ቤትም ሆነ። ጎረቤት ጎረቤቱን የጠቆመበት ሰፈር አለ፤ ይህንንም መሰወር ታሪክን መዋሸት ነው። ልጇ የተገደለባት እናት እንዳታለቅስ ትከለከል ነበር። በአያቴ ግቢ አንዲት እናት ልጇ በሞተባት ሰሞን ሴቶቹ አንድ በአንድ ሽንኩርት ይዘው ወደ ቤቷ ገቡ። ለማን ድግስ እንደ ሆነ ማንም አልጠየቀ። ከበው ተቀምጠው ከተፉ። በደጅ የሚያልፈው ዘብ ጎንበስ ብሎ ቢያይ የሚያየው ሽንኩርት የሚከትፉ፣ ዓይናቸው የቀላ ሴቶችን ነው። ሽንኩርት ያስለቅሳል፤ ይህን የሚከለክል መመሪያ አልወጣም ነበር።

* * *

ዛሬስ? ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በከተማው ዳርቻ ሁሉ ተሠሩ። ልደታን የመሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እየፈረሱ በሕንፃ ተተኩ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት በስፋት ፈረሱ።

ወደ ኋላ ብቻ እያዩ ማልቀስ የተማሪ ወግ አይደለም። የአሮጌው ሰፈር ሽንት ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ይሞላ ነበር። ጣራው ያፈስ ነበር። ለስምንት ቤት አንድ ቧንቧ የሚናፈቅ ነገር አይደለም። አያቴ ራሷ በአዲሱ ቤት የመጀመሪያውን ቀን ቧንቧውን ከፍታ ዘግታ፣ ከፍታ ዘግታ «ውሃው ከቤት መግባቱስ ተመስገን፤ እናትህ በዚህ ዘመን ብትወለድ ኖሮ» አለች። የሴትን ልጅ ጀርባ ከእንስራ የሚገላግል ነገር ሁሉ እሰየው ነው።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ስምንቱ ቤት ስምንት ቦታ ተበተነ። አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በደቡብ፣ አንዱ ከዘመድ ተጠግቷል። የዕድሩ አባላት ዛሬም ለቀብር ሁለትና ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ ይመጣሉ። ጡሩምባ ግን የሚነፋበት መንደር የለም፤ በስልክ ሆኗል። ቤቱ ሲቆጠር ክፍሉ ተቆጠረ፣ ካሬ ሜትሩ ተቆጠረ። ጌሾው፣ እንሰቱ፣ የቡናው ተራ፣ የተዋሰው ሙቀጫ ግን በማንም ቅጽ ላይ አልሰፈረም። የሚጻፍበት ሣጥን ስለሌለ ያልተጻፈው ነገር እንዳልነበረ ይቆጠራል።

የሚገርመው የጋራ መኖሪያ ቤቶቹን የነደፉት ሰዎች ጉዳዩን ጨርሶ አልረሱትም ነበር። በብዙዎቹ ግቢ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት «ኮሙናል» የሚባል ቤት አብሮ ተሠርቷል። ስለዚህ ጥያቄው ቦታ አለ ወይስ የለም የሚለው ብቻ አይደለም፤ በቦታው ላይ የሚሠራ የጋራ ሥራ አለ ወይ? የሚለውም ነው። በአሮጌው ግቢ ቧንቧው ሰዎቹን በግድ ያገናኝ ነበር። አሁን ግዴታው ቀርቷል፤ መልካም ነው። ነገር ግን በግድ የሚገናኙ የነበሩ ሰዎች በውድ የሚገናኙበትን ነገር ገና አልፈጠርንም። ይህን መፍጠር የእኛ ትውልድ ሥራ ይመስለኛል።

ለዚህም የመጀመሪያው እርምጃ ማወቅ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። የዕረፍት ጊዜ ሲመጣ ቤት ስትሄዱ ደብተር ይዛችሁ አያታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። የግቢያችሁን ካርታ በእርሳስ አስነሡ፦ ቧንቧው የት ነበር፣ ማድ ቤቱ የት ነበር፣ የትኛው ተክል የማን ነበር? የድሮ የኪራይ ደረሰኝ ካለ አትጣሉት። የዕድሩን መዝገብ የያዘውን ዳኛ ወይም ጸሐፊ ጠይቁ፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ የማንም ታሪክ መጽሐፍ የማያውቃቸው ሰዎች ስም በሰልፍ ተቀምጧል። ቤተ መንግሥቱ የራሱ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበረው፤ ጓሮው ግን ከእኛ በቀር ጸሐፊ የለውም።

ጌሾውን ሳልነግራችሁ እንዳልቀር። በረንዳው ላይ በጣሳ ሆኖ ሁለት ወር ያህል ቆየ፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። አያቴ አንድ ቀን ማለዳ ተነሥታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ከኮሙናሉ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍራ ተከለችው፤ ዳማከሴውንም ከጎኑ። እኔ «ያነሡብሻል» ብያት ነበር። በሳምንቱ ከሁለተኛ ፎቅ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋ በራችንን አንኳኳች። «እማማ ይቅርታ፣ ያ ከታች ያለው ዳማከሴ የእርስዎ ነው አሉኝ። ልጄን ምች መትቶብኝ ነው፤ ትንሽ ቅጠል ባገኝ?» አለች።

አያቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አብራት ወረደች። እኔም ከኋላቸው ደብተሬን ይዤ ወረድኩ።